የኋላ ወንበር የእግር ቦታ፦ የብሮሹሩ ቁጥርና በመኪናው ውስጥ ያለው እውነት

መክፈቻ

አዲስ ዲዛይን ይዞ የመጣ መኪና ስንገዛ የኋላውን ወንበር የምናየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ቆመን፣ በመስኮት። ቤተሰብ የሚቀመጠው ግን እዚያ ነው። በራይድ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ደንበኛው የሚከፍለው ለዚያ ወንበር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያውን የኤሌክትሪክ መኪና ሞልቶታል፤ ገዢው ግን ዓይኑ ቪትዝና ኮሮላ የለመደ ነው። የወለላቸውም የወንበራቸውም አሠራር ስለሚለይ የድሮው ግምት አያዋጣም። ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት በአንድ አቋም ነው፦ በብሮሹር የሚታተመው የኋላ እግር ቦታ ቁጥር ሁለት መኪኖችን ለማወዳደር ብቻውን አይበቃም።

ማስረጃዬ ኮሮላ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው 11ኛው ትውልድ ሴዳን፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2019 የተሸጠው፣ የኋላ እግር ቦታው 41.4 ኢንች ተብሎ ተጽፏል፤ 105 ሳ.ሜ. መሆኑ ነው። በ2020 ሞዴል የተተካው 12ኛው ትውልድ 34.8 ኢንች፣ 88 ሳ.ሜ. ግድም ይላል። ወደ 17 ሳ.ሜ. ጠፋ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት፣ ዊልቤዙ፣ ግን በሁለቱም 2700 ሚ.ሜ. ነው። የፊቱም እግር ቦታ ከ42.3 ወደ 42.0 ኢንች ብቻ ነው የወረደው። የሻንጣው ቦታም ያን ያህል አላደገም። 17 ሳ.ሜ. ከመኪና ውስጥ በኖ አይጠፋም፤ ወደ ፊትም ወደ ሻንጣም ካልሄደ አብዛኛው የጠፋው ከአለካኩ ነው። ታዲያ ገዢ ምን ይለካ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር። ምላሾቹን በየቁጥራቸው አስፍሬያለሁ፤ የተደጋገሙትን አሳጥሬያለሁ።

ምላሾቹ

ምላሽ 1 የመጣው የወንበር ዲዛይን ከሚያውቅ ሰው ነው፤ በትሕትና ነበር የጀመረው። ቁጥሩ ውሸት እንዳልሆነ፣ ደንብ እንዳለው አስረዳ። ኤስኤኢ ጄ1100 በተባለው የአለካክ ደንብ ወንበሩ ላይ የሰው ቅርጽና ክብደት ያለው መለኪያ ይቀመጣል። ጭንና ወገቡ የሚገናኙበት ቦታ የዳሌ ነጥብ ይባላል። የእግር ቦታ ማለት ከቁርጭምጭሚቱ መጋጠሚያ እስከዚህ ነጥብ በቀጥታ መስመር ያለው ርዝመት ሲሆን፣ ለእግሩ መርገጫ 254 ሚ.ሜ. ይደመርበታል። ለኋላ ወንበር ሲለካ የመለኪያው እግር ከፊተኛው ወንበር እስኪነካ ድረስ ወደ ፊት ይገፋል። እንግዲህ ፊተኛው ወንበር የት ላይ ቆሞ ነበር የሚለው ነው ቁጥሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፤ ወደ ኋላ ጥግ ተስቦ ቢለካና ጥቂት ወደ ፊት ተገፍቶ ቢለካ አንዱ መኪና ሁለት ቁጥር ይሰጣል። በጉልበትና በፊተኛው ወንበር ጀርባ መካከል የሚቀረው ክፍተት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ልኬት ነው፤ እሱን ብሮሹር ላይ ማግኘት ብርቅ ነው።

ምላሽ 2 አመሰገነና አንድ ነገር ጠየቀ፦ የእግር ቦታ ቁጥር ከጉልበት ክፍተት ጋር አብሮ የማይሄድ ከሆነ፣ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ጉልበት የሚነካበት መኪና ሊኖር ነው ማለት ነው?

ምላሽ 3 አዎ ብሎ በሒሳብ አሳየው፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ልኬቱ ሰያፍ መስመር ስለሆነ የወንበሩ ከፍታ ይገባበታል። የዳሌ ነጥቡ ከቁርጭምጭሚቱ 60 ሳ.ሜ. ወደ ኋላና 30 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ቢሆን ሰያፉ 67 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ 25.4 ሲደመር 92.5። ወንበሩን ብቻ 10 ሳ.ሜ. ከፍ አድርገህ አግድሙን ባትነካው ሰያፉ 72 ይደርሳል፤ ድምሩ 97.5። ብሮሹሩ ላይ 5 ሳ.ሜ. ተጨመረ፤ በመኪናው ርዝመት ላይ ግን አንድ ጣት አልተጨመረም። እንዲህም ሆኖ ከፍታው ጥቅም የለውም ማለት እንዳልሆነ አክሏል፤ ከፍ ያለ ወንበር ላይ እግር ወደ ታች ስለሚወርድ ጭን በደንብ ይደገፋል። ሌላው ቁጥሩን የሚያሳድገው በፊተኛው ወንበር ሥር ያለው የጫማ መግቢያ ነው። እግር ወደዚያ ከገባ ቁጥሩ ያድጋል፤ ጉልበት ግን ባለበት ነው።

ምላሽ 4 አልተስማማም፤ ቃሉም ጠንከር ያለ ነበር። ሁሉን ነገር በአለካክ ማሳበብ ገዢን ያሳስታል ባይ ነው። የዚያው የ12ኛው ትውልድ ኮሮላ ሃችባክ 29.8 ኢንች፣ 76 ሳ.ሜ. ገደማ ነው የተጻፈለት፤ ዊልቤዙም 2640 ነው። እዚያ ላይ ጥበቱ የእውነት ነው፤ አዋቂ ሰው ከረጅም ሹፌር ኋላ ሲቀመጥ ጉልበቱ ይነካል። ለጃፓን ገበያ የሚሠራው ሴዳንም በዚሁ በ2640 ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ኮሮላ የሚል ስም አይቶ የሚገዛ ሰው የትኛው ኮሮላ እንደሆነ ይጠይቅ አለ። ትክክል ነው፤ ከመክፈቻው አቋም ጋርም አይጋጭም፤ ዊልቤዙ ሲያጥር ቁጥሩም ቦታውም አብረው ይወርዳሉ።

ምላሽ 5 ዊልቤዝም ብቻውን እንደማይበቃ አሳሰበ። ሦስተኛው ትውልድ ሆንዳ ፊት 2530 ሚ.ሜ. ዊልቤዝ ይዞ የኋላ እግር ቦታው 39.3 ኢንች ነው። ሆንዳ የነዳጅ ታንኩን ከኋላ ወንበር ሥር አውጥቶ ከፊት ወንበሮች ሥር ስላደረገው የኋላው ወንበር ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ መግባት ቻለ።

ምላሽ 6 ከቨርጂኒያ ነው። ይህንኑ በመያዝ የተገላቢጦሹን አመጣ። አሜሪካ የሚሸጠው ሆንዳ ኤችአርቪ በመጀመሪያው ትውልድ የሆንዳ ፊትን የታንክ አቀማመጥ ይዞ 39.3 ኢንች ነበረው። በ2023 ሞዴል በሲቪክ ላይ ተመሥርቶ እንደ አዲስ ሲሠራ መኪናው ከ4.33 ወደ 4.57 ሜትር ረዘመ፣ ዊልቤዙም ጨመረ፤ የኋላ እግር ቦታው ግን ወደ 37.7 ወረደ። መቀመጫው ወደ ላይ ታጥፎ ረጅም ዕቃ የሚያስቆመው ዘዴም ቀረ። መኪና ረዘመ ማለት ኋላው ሰፋ ማለት አይደለም ይላል። በዲሲ አካባቢ ታክሲና ኡበር ለሚሠሩ ወገኖች ደግሞ የ2023ቱን ፕሪየስ ጠቀሰ፦ ዊልቤዙ በ5 ሳ.ሜ. ሲጨምር ቁመቱ በ5 ሳ.ሜ. ገደማ ዝቅ ብሏል። የእግር ቦታው በወረቀት ላይ ጥቂት አድጓል፤ የራስ ቦታው ግን አንሷል፣ ጣሪያው ወደ ኋላ ቶሎ ስለሚወርድ ተሳፋሪ ሲገባ አንገቱን መስበር አለበት። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወጣና ሲያስገባ ለሚውል ሹፌር የበሩ ቅርጽ ከጉልበት ክፍተት እኩል እንደሚቆጠር አበክሮ ጽፏል።

ምላሽ 7 በአጭሩ፦ በአሜሪካ የመኪና መደብ ስምም አያታልላችሁ። ሴዳን መካከለኛ የሚባለው የተሳፋሪው ክፍልና ሻንጣው ተደምረው ከ110 እስከ 120 ኩቢክ ጫማ ሲሆኑ ነው። ሻንጣው ትልቅ ከሆነ ኋላው ጠባብ ሆኖም መደቡ ከፍ ይላል።

ምላሽ 8 ወደ ቻይና ወሰደን። እዚያ ባለቤቱ ወይም ወላጆቹ ኋላ መቀመጣቸው የተለመደ ስለሆነ ፋብሪካዎቹ ለዚያ ገበያ ብቻ የረዘመ ሞዴል ያወጣሉ፤ የቢኤምደብሊው 3 ሲሪየስ ረጅሙ ከመደበኛው በ110 ሚ.ሜ. ይበልጣል። አዲስ አበባ የሚገቡት የቻይና ገበያ መኪኖች ኋላቸው የሚሰፋው ከዚህ አስተሳሰብ ስለመጡ ነው ይላል። ምላሽ 9 የእግር ቦታውን ለማስፋት የመቀመጫውን ርዝመት የሚያሳጥሩም እንዳሉ ጨመረበት። ጉልበት ፊት ባዶ ቦታ ይታያል፤ ጭን ግን ግማሹ በአየር ላይ ነው። ከዳሌ እስከ ጉልበት ያለው ክብደት መቀመጫው ጫፍ ላይ ይወድቅና ረጅም መንገድ ላይ እግር ይደነዝዛል።

ምላሽ 10 የባትሪ መኪና የሚጠግን ባለሙያ ነው፤ ረዘም አድርጎ ጻፈ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ የፊት አፍንጫው ያጥራል፤ ጎማዎቹ ወደ ጥግ ይወጣሉ፤ ዊልቤዙ ይረዝማል። ቢዋይዲ ዶልፊን ከ4.3 ሜትር በታች ሆኖ ዊልቤዙ 2700 ነው፤ ከረጅሙ ኮሮላ እኩል። (እዚህ ላይ አንድ ሰው ስለ ዶልፊን ሚኒባስ የሚወራ መስሎት ስለ ጋቢና ወንበር ጽፎ ነበር፤ ወዲያው አጠፋው።) መሀል ወለል ላይ የጭስ ማውጫ ጉብታ ስለሌለ መሀል የሚቀመጠውም እግሩን ያሳርፋል። ይህ ሁሉ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱ ባትሪው ነው። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ጣሪያው ግን አብሮ ከፍ እንዲል አይፈለግም፣ ነፋስ ይይዛል፣ ባትሪም ይበላል። ስለዚህ መቀመጫው ለወለሉ ይቀርባል። ተሳፋሪው ዝቅ ያለ ዱካ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ወደ ላይ ይነሳል። ፖርሼ ይህን ስላወቀ በታይካን ባትሪ ውስጥ የኋላ ተሳፋሪ እግር የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ ትቶለታል፤ በርካሽ መኪኖች ላይ ግን ይህን አትጠብቁ አለ።

ምላሽ 11 የሁላችንን ገበያ ነካ፦ ቶዮታ ቢዚ4ኤክስና ፎልክስዋገን አይዲ4። የመጀመሪያው ዊልቤዙ 2850፣ ሁለተኛው 2.77 ሜትር ገደማ። በአሜሪካ ወረቀት ላይ ግን ቢዚ4ኤክስ 35.3፣ አይዲ4 37.6 ኢንች የኋላ እግር ቦታ አላቸው። ወረቀቱን ያመነ አይዲ4 ይሰፋል ይላል፤ ሁለቱም ውስጥ ተራ በተራ የተቀመጠ ግን ቢዚ4ኤክስ ጠባብ ነው አይልም። ቶዮታ ራሱ በፊትና በኋላ ተቀማጮች ዳሌ መካከል ያለውን ርቀት 1000 ሚ.ሜ. ብሎ ነው የገለጸው። ምላሽ 1 ያለው ትክክል መሆኑ በዚህ ይታወቃል ብሎ፣ የሚቻል ከሆነ ገዢ ይህንን የዳሌ ለዳሌ ርቀት ይጠይቅ አለ።

ምላሽ 12 ቢዋይዲ ሲጋል ኋላው ሦስት ሰው እንደሚችል፣ ቀጭን ከሆኑ አራትም እንደሚሄዱ ጻፈ። ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተለወጠ።

ምላሽ 13 በቁጣ መለሰ፦ ለቻይና ገበያ የተሠራው ሲጋል ባለ አራት መቀመጫ ነው፤ ኋላው ያለው ሁለት ቀበቶ ነው። መሀል የተቀመጠው ሰው የሚይዘው ምንም ነገር የለም፤ መኪናው ሲጋጭ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወደ ፊት ይወረወራል፣ ጎኑ ያሉትንም ይገድላል። ሊብሬው ላይ ስንት ሰው እንደተጻፈ ይነበብ። ምላሽ 14 ቃሉ ቢመርም ሐሳቡ ልክ እንደሆነ ገልጾ፣ አጠቃላይ ስፋቱ 1715 ሚ.ሜ. የሆነ መኪና ውስጥ የሦስት አዋቂ ትከሻ እንደማይገጥም ጠቆመ።

ምላሽ 15 ወደ ጥያቄዬ መለሰን፤ ሜትርና ሌላ አንድ ሰው ብቻ የሚፈልግ አለካክ ሰጠ። መኪናውን ብዙ የሚነዳው ሰው ጫማውን እንዳደረገ ይቀመጥ። ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ሲረግጥ ጉልበቱ ትንሽ የታጠፈ መሆን አለበት፤ ጀርባው ከመደገፊያው ሳይላቀቅ እጁን ሲዘረጋ አንጓው የመሪው አናት ላይ ይረፍ። ወንበሩ እዚያ ላይ ይቁም፤ ከዚህ በኋላ ሻጩ እንዳይነካው። ሻጮች ፊተኛውን ወንበር ወደ ፊት ገፍተው ነው የሚያቆዩት። ከዚያ ኋላ ገብቶ ወገብን እስከ ጥግ አስጠግቶ መቀመጥ። የሚለኩት አምስት ናቸው፦ ከጉልበት እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ፣ ከወለል እስከ መቀመጫው የፊት ጠርዝ፣ የመቀመጫው ርዝመት ከመደገፊያው ሥር እስከ ጠርዝ፣ በፊተኛው ወንበር ሥር ያለው የጫማ መግቢያ ከፍታ፣ ከራስ አናት እስከ ጣሪያ። በእሱ መለኪያ የመቀመጫው ጠርዝ ከወለሉ 35 ሳ.ሜ. ካልሞላ ለረጅም ሰው ጉልበት ይነሳል፤ የጫማ መግቢያው 10 ሳ.ሜ. ካልሆነ የወንድ ጫማ አይገባም። የጫማ መግቢያውን ስትለኩ የሹፌሩ ወንበር ዝቅ ተደርጎም ይለካ፤ ብዙ መኪና ላይ ወንበሩ ሲወርድ መግቢያው ይዘጋል። የመስታወት ጣሪያ ያለውና የሌለው አንድ ሞዴል ቢኖር ሁለቱንም ግቡበት፤ የመጋረጃው ማቀፊያ ከራስ ቦታ ላይ ይቀንሳል።

ምላሽ 16 አንድ ነገር ጨመረ። የፊተኛው ወንበር አቀማመጥ ጭራሽ እንዳያታልል የሚፈልግ ሰው፣ ሁለቱንም በር ከፍቶ በበሩ ደፍ ላይ ሜትሩን ይዘርጋ፤ ካልተረገጠው የፍሬን ፔዳል ትይዩ እስከ ኋላ መደገፊያው ሥር ትይዩ። ያ ርዝመት ሹፌሩና የኋላው ተሳፋሪ የሚካፈሉት ጠቅላላ ቦታ ነው። ወንበር ቢገፋም ቢሳብም አይለወጥም። ሁለት መኪና በዚህ ሲወዳደር ብሮሹር አያስፈልግም። ለእኔ የክሩ መልስ ይህ ነው።

ምላሽ 17 ጠባብ መኪና ላይ የፊት ወንበሩን ሐዲድ ፈትቶ አዲስ ቀዳዳ በመብሳት ወደ ፊት ማስጠጋት እንደሚቻል፣ ጋራዥ ውስጥ እንደሚሠራም ጻፈ። ምላሽ 10ን የጻፈው ባለሙያ በምላሽ 18 አጥብቆ ተቃወመው። የኤሌክትሪክ መኪና ወለል ተበስቶ መሰርሰሪያው ካለፈ የሚያገኘው የባትሪውን ክዳን ነው፤ በውስጡ 300 እና 400 ቮልት አለ። ሰው ባይገድልም ክዳኑ ከተበሳ ውኃ ይገባል፤ ጉዳቱ ከወራት በኋላ ነው የሚታየው። በነዳጅ መኪናም ቢሆን የወንበር ብሎን የሚታሰረው በተጠናከረ ብረት ላይ ነው፤ ቀጭን ላሜራ ላይ ከታሰረ በግጭት ጊዜ ወንበሩ ከነሰውየው ይነቀላል። በወንበሩ ሥር ያለው ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፤ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ሳይነቀል መነካካት የለበትም። በተጨማሪ ሹፌሩ ወደ መሪው ይቀርባል፤ ከደረቱ እስከ መሪው መሀል ቢያንስ 25 ሳ.ሜ. መኖር አለበት።

ምላሽ 17ን የጻፈው ሰው በምላሽ 19 ተመልሶ፣ ቢያንስ የኋላውን መቀመጫ ስፖንጅ አስቆርጦ ማሳጠር ጉዳት የለውም ብሎ ተከራከረ። ምላሽ 20 ያንንም አልተቀበለም፦ የመቀመጫው ፊት ከፍ ተደርጎ የተሠራው በግጭት ጊዜ ዳሌ ከወገብ ቀበቶው ሥር ሾልኮ እንዳይወጣ ነው፤ ሲቆረጥ ቀበቶው ከአጥንት ወደ ሆድ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ሁለቱ በስድብ አቅራቢያ የደረሱ ሦስት መልእክቶች ተለዋወጡ፤ ቁም ነገር ስለሌላቸው ዘልያቸዋለሁ።

ምላሽ 24 ያለ መሰርሰሪያ ቦታ የሚመለስበትን መንገድ ዘረዘረ። ከገበያ የሚሰፋው ወፍራም የቆዳ ሽፋን በፊተኛው ወንበር ጀርባና በኋላው መደገፊያ ላይ በድምሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ይበላል፤ ይነሳ። በወንበሩ ጎን ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለበት ሽፋኑ ስፌቱን ዘግቶ ኤርባጉን ሊይዘው ስለሚችል ያኔስ ለደኅንነትም ሲባል መነሳት አለበት። ጠርዙ ከፍ ያለ የጎማ ምንጣፍ የጫማ መግቢያውን ይዘጋል፤ በስስ ይተካ። ከወንበሩ ጀርባ የሚንጠለጠል ስክሪንና ኪስ በትክክል ጉልበት ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው። ከፊት ወንበር ሥር ዕቃ አይወተፍ፤ ለኋላ ተሳፋሪ አየር የሚያወጣው ቱቦ በብዙ መኪና እዚያ ነው።

ምላሽ 25 ልጆች ላሏቸው ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚታሰር የሕፃን ወንበር ከአዋቂ ጉልበት በላይ ቦታ ይወስዳል፤ ለአራስ እስከ 45 ዲግሪ ስለሚጋደም። ወንበሩን ይዛችሁ ወደ መኪናው ሂዱ፤ ከጋቢናው ኋላ እሰሩት፤ ከዚያ ጋቢና ላይ አዋቂ ሰው መቀመጥ ይችል እንደሆነ እዩ። አይሶፊክስ የሚባሉት የሕፃን ወንበር ማሰሪያዎች 28 ሳ.ሜ. ተራርቀው በመቀመጫውና በመደገፊያው መጋጠሚያ ላይ በእጅ ይዳሰሳሉ። ኤርባጉ በሚሠራ ጋቢና ላይ ግን ይህ ወንበር በፍጹም አይቀመጥም።

ምላሽ 26 ከርዕሱ ወጥቶ፣ የተጫነ የኤሌክትሪክ መኪና ጉብታ ላይ ባትሪውን እንደሚነካ አነሳ፤ ሦስት ሰዎች ስለ ስፕሪንግ ማስጨመር ተከተሉት። ምላሽ 30 ሌላ ክር ይከፈትለት ብሎ ወደ አይዲ6 መለሰን። ዊልቤዙ 2965 ነው፣ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት መቀመጫ ይመጣል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወለሉ በባትሪው ምክንያት ከፍ ስለሚል አዋቂ ሰው ጉልበቱን ወደ ደረቱ አቅርቦ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ መለካት የሚጀመረው ከኋላ ነው፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ሰው መጀመሪያ ይግባ፣ ሁለተኛው ረድፍ እስኪመቸው ወደ ፊት ይንሸራተት፣ በመጨረሻ ሹፌሩ። ሦስቱም ካልተስማሙ መኪናው ባለ አምስት ነው ብሎ መግዛት ይሻላል።

ምላሽ 31 የመጨረሻው ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አባት ላሉት፣ በመሀሉ ምሰሶ ግርጌና በኋላው መቀመጫ ጠርዝ መካከል ያለው መተላለፊያ እንዲለካ መከረ። እግር የሚያልፈው በዚያ ነው። ከ25 ሳ.ሜ. ካነሰ ሽማግሌ እግሩን ጠምዝዞ ነው የሚያስገባው፤ ውስጡ የቱንም ያህል ቢሰፋ። የበሩን ደፍ ከፍታ ከውጭም ከውስጥም መለካት ይገባል አለ፤ ከውስጥ ወለሉ ዝቅ ካለ እግር ሲወጣ ይያዛል፣ የባትሪ መኪኖች በዚህ በኩል ይሻላሉ።